ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ የአዝርዕትን ብዝኀነት በካርታ ያሰፈሩ ሊቅ

የአንድ ሰብል ዝርያዎች በየትኛው ምድር በዝተው፥ በየትኛው ምድር ተመናምነው እንደሚገኙ በካርታ ለማስፈር ከደከሙት ሊቃውንት መካከል ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። በዚያችው ከተማ የግብርና ትምህርታቸውን በ1911 ከፈጸሙ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በዊልያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስን ሳይንስ አጠኑ። ከ1921 ጀምሮም ኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው በፔትሮግራድ የአዝርዕት ምርምር ተቋምን መሩ።

ዘዴያቸው ግልጽ ነበር። ከየስፍራው የዘር ናሙና ይሰበሰባል፤ የዛላው ቅርጽ፥ የፍሬው ቀለም፥ ሰብሉ የሚደርስበት ጊዜ ይመዘገባል፤ በመጨረሻም በየስፍራው የተገኙት ዐይነቶች ተቆጥረው በካርታ ላይ ይሰፍራሉ። ዐይነቶቹ በብዛት የተከማቹበት ምድር የሰብሉ መነሻ መሆን አለበት የሚለውን ሐሳባቸውንም በ1926 ባሳተሙት ጥናት አቀረቡ።

በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ካነጋገሩ በኋላ፥ በበቅሎ ጓዝ ወደ ሰሜን ተጉዘው ዘር ሰበሰቡ። በገበሬው ማሳ ያዩት የገብስና የዱረም ስንዴ ብዝኀነት እጅግ ስላስደነቃቸው ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መነሻዎች አንዷ አድርገው መዘገቧት።

የኋላው ዘመን ምርምር ይህን ድምዳሜ በከፊል አርሞታል። ጤፍና ኑግ በእርግጥ የዚህች ምድር ተወላጆች ናቸው፤ ስንዴና ገብስ ግን አስቀድመው የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ሲሆን፥ በኢትዮጵያ ደጋዎች ለብዙ ዘመን ሲታረሱ ኖረው ብዝኀነታቸውን አፈሩ። ብዝኀነት ያለበት ስፍራ ሁሉ መነሻ አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ ቫቪሎቭ በእጃቸው የቆጠሩትን የስታትስቲክስ ፕሮግራም ከዲ.ኤን.ኤ. ያነብበዋል። በሺሕ የሚቆጠሩ የዘር ምልክቶችን በሁለት መስመሮች መካከል በነጥብ ያሳያል፤ የሚቀራረቡ ዝርያዎች ይሰባሰባሉ፥ የሚራራቁት ይለያያሉ። ሆኖም ከአንዱ ወረዳ መቶ፥ ከሌላው አምስት ናሙና የተሰጠው ፕሮግራም ንድፉን ማዛባቱ አይቀርም። የነጥቦቹ መሰባሰብም በራሱ የሰብሉን መነሻ አይናገርም።

በስታሊን የተደገፈው ትሮፊም ሊሴንኮ የዘር ውርስን ሳይንስ በካደ ጊዜ ቫቪሎቭ ከእውነታቸው ፈቀቅ አላሉም። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስቡ ተያዙ። በ1941 የተበየነባቸው የሞት ፍርድ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም፥ በጥር 1943 ለዓለም እንጀራ ሲደክሙ የኖሩት ሰው በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኀብ ተዳክመው ሞቱ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ወራትም አንዳንድ ባልደረቦቻቸው በእጃቸው የነበረውን እህል ሳይነኩ በረኀብ አልቀዋል።

በ1955 የቫቪሎቭ ንጽሕና በይፋ ተረጋገጠ። ተከታዮቻቸው የሊቁን ድምዳሜ መመርመርና ማረም የቻሉት፥ ዘሩ ከነመዝገቡ ተጠብቆ ስለቆየላቸው ነው።