ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ (ኖቬምበር 25 ቀን 1887 – ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 እ.ኤ.አ.) የሩሲያና የሶቪየት ኅብረት የዕፅዋት ተመራማሪ፣ የዘረ-መል ሊቅና አሳሽ ነበር። ከዓለም ዙሪያ የሰብል ዘር እየሰበሰበ በዘመኑ አቻ ያልነበረውን የዘር ክምችት በሌኒንግራድ አቋቋመ። ድርቅ የሚመላለስበትን የሩሲያ ደቡብ ምሥራቅ እርሻ ለማሻሻል የሚያስፈልገው ዘር፣ በየተራራውና በየበረሃው ዳር ትንንሽ ማሳ የሚያርሱ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ ጠብቀው ባቆዩት እህል ውስጥ ይገኛል ብሎ ያምን ነበር። ይህን ፍለጋ ይዞ በ1927 እ.ኤ.አ. (1919 ዓ.ም.) ኢትዮጵያን አቋርጧል። በስታሊን ዘመን ታስሮ በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቫቪሎቭ የተወለደው በሞስኮ ነው። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ኋላ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅና የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1891፣ የቮልጋን ወንዝ አካባቢ ድርቅ መትቶት ብዙ ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ።

በሞስኮ የግብርና ተቋም ተምሮ ከተመረቀ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄዶ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ አዲሱን የዘረ-መል ሳይንስ አጠና። በዚያ ጊዜ የሚያሳስበው ጥያቄ አንዱ የስንዴ ዓይነት በዋግ ሲመታ አጠገቡ የተዘራው ሌላው ለምን ሳይነካ ይቀራል የሚለው ነበር። የመከላከል ኃይሉ በዘር የሚተላለፍ ከሆነ፣ ኃይሉ ያለውን ዘር ማግኘት ብቻ ነው የሚቀረው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1916፣ በፋርስ የነበሩ የሩሲያ ወታደሮች የአካባቢውን ዳቦ እየበሉ ራሳቸውን ይስቱ ስለነበር ምክንያቱን እንዲያጣራ ተላከ። ጥፋቱ የስንዴው ውስጥ የተቀላቀለው እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። ቫቪሎቭ በዚያው ጉዞውን ቀጥሎ ወደ ፓሚር ተራሮች ወጣ፤ እዚያ ያየው ነገር በዕድሜ ልክ ሥራው ላይ ዱካውን ትቷል። ራይ የተባለው እህል በቆላው የስንዴ ማሳ ውስጥ አረም ነው። ወደ ደጋው በተወጣ ቁጥር ግን ብርዱን ስለሚችል ከስንዴው እየበዛ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ ባሉት ማሳዎች ስንዴው ጠፍቶ ራይ ብቻውን ይታጨዳል። ገበሬው ስንዴ ዘርቶ፣ የአየሩ ጠባይ የመረጠለትን ሰብል ሰብስቧል ማለት ነው። ቫቪሎቭ ራይ ራሱ ሰብል የሆነው በዚህ መንገድ ነው ወደሚለው መደምደሚያ ደረሰ።

ሳራቶቭና የ1921 ድርቅ

በ1917 በቮልጋ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ የግብርና መምህር ሆነ። የሳራቶቭ አካባቢ አፈሩ መልካም ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። አንዱ ዓመት ጠግቦ ሌላው ይነጥፋል። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት እንኳ ሩሲያውያን ሱኾቬይ የሚሉት ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምሥራቅ ተነሥቶ ፍሬ ሊቋጥር የደረሰውን ስንዴ በጥቂት ቀናት ውስጥ አድርቆ ያስቀረዋል። ቫቪሎቭ ከተማሪዎቹ ጋር የታችኛውን ቮልጋ መንደሮች እየዞረ ገበሬው ምን እንደሚዘራና ምን እንደሚተርፍለት መዘገበ። የዚህ ጥናት ውጤት የሆነው የደቡብ ምሥራቅን የእርሻ ሰብሎች የሚመለከት መጽሐፉ በ1922 ታትሟል።

በ1920 በሳራቶቭ በተካሄደ የእርባታ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ በጣም የታወቀበትን ሕግ አቀረበ። በዝምድና የሚቀራረቡ ዕፅዋት ተመሳሳይ የልዩነት ረድፍ ያሳያሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ሰብል የታየ ጠባይ፣ ለምሳሌ ቶሎ መድረስ፣ በዘመዱ ሰብል ገና ባይታይም በሆነ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ተፈልጎ ሊገኝ ይገባል። ይህ ሕግ ለዘር ሰብሳቢ እንደ ካርታ ያገለግላል።

በማግስቱ ዓመት ቮልጋ ዳግመኛ ደረቀ። የእርስ በርስ ጦርነቱና መንግሥት በኃይል ይሰበስበው የነበረው እህል የገበሬውን ጎተራ አስቀድሞ አራቁቶት ስለነበር በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ለዘር የሚሆን እህል እንኳ አልቀረም። ቫቪሎቭ በዚያን ጊዜ ወደ ፔትሮግራድ ተዛውሮ የተግባር ዕፅዋት ጥናት ቢሮ ኃላፊ ሆኖ ነበር፤ በ1921 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ብዙ ዘር ይዞ ተመለሰ።

አንዱን ዘር በመቶ ቦታ መዝራት

ከ1923 ጀምሮ ቫቪሎቭ ያስጀመረው ሙከራ ከጉዞዎቹ ያነሰ ይነገርለታል፤ ለደረቅ አገር እርሻ ግን ምናልባት ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ሥራው ነው። ተመሳሳይ የዘር ስብስብ ከሰሜን ዋልታ አቅራቢያ እስከ መካከለኛው እስያ በረሃ ድረስ ከመቶ በሚበልጡ ጣቢያዎች ለተከታታይ ዓመታት ተዘራ። በአንዱ ቦታ ቀዳሚ የሆነው ዘር በሌላው መጨረሻ ሆነ። የሚደርስበት ጊዜ፣ የአገዳው ቁመት፣ የፍሬው የፕሮቲን መጠን ሳይቀር እንደ ቦታው ተለዋወጠ።

ድርቅን መቋቋምም አንድ ጠባይ እንዳልሆነ ሙከራው አሳየ። ዝናቡ በመጀመሪያ ሲዘገይ የሚጠቅመውና ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ የሚጠቅመው ዘር የተለያዩ ናቸው። አንዱ ቶሎ ደርሶ ከድርቁ ያመልጣል፣ ሌላው ሥሩን አርቆ ይሰዳል፣ ሌላው ቅጠሉ ውኃ አያባክንም። ስለዚህ ቫቪሎቭ ለደረቅ አገር ሁሉ የሚሆን አንድ ምርጥ ዘር ከመፈለግ ይልቅ ብዙ ዓይነት መሰብሰብን መረጠ።

የዘር ፍለጋ ጉዞዎች

በ1924 አፍጋኒስታንን ዞረ። በ1926 የሰብሎችን መገኛ ማዕከላት የሚያብራራውን ዋና ሥራውን አሳተመ። አንድ ሰብል ከሁሉ የበለጠ የዓይነት ብዛት የሚያሳይበት አገር የዚያ ሰብል መገኛ ነው የሚል ነው አሳቡ። ከዚያ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉትን አገሮች ጎበኘ፤ በደቡብ ሶርያ በሐውራን ሜዳ ገበሬዎች በደረቅ መሬት የሚዘሩት ዱረም ስንዴ በጣም ማርኮታል። በኋላም ምዕራብ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ሜክሲኮን፣ ፔሩንና ቦሊቪያን ጨምሮ ብዙ አገር ተጉዟል። አሠራሩ አንድ ነበር፦ ገበያ ወጥቶ ከሻጩ እፍኝ እህል መግዛት፣ ማሳ ገብቶ ዛላ መቁረጥ፣ ስሙንና የቦታውን ከፍታ መጻፍ።

ቫቪሎቭ በኢትዮጵያ

ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጅቡቲ በኩል ሲሆን፣ ሐረርን ጎብኝቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ያኔ እንደራሴና አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮት ብዙ ጠየቁት። የመተላለፊያ ደብዳቤ ተሰጥቶት በበቅሎ ጓዝ ወደ ሰሜን ወጣ። አንኮበርን፣ የጣናን አካባቢ፣ ጎንደርን፣ ተከዜንና አክሱምን አይቶ በአሥመራ በኩል ጉዞውን ፈጸመ።

ቫቪሎቭን ያስደነቀው የኢትዮጵያ ማሳ ውጥንቅጥነት ነበር። በአንድ ማሳ ነጩም፣ ቀዩም፣ ፍሬው ወይን ጠጅ የሚመስለውም ስንዴ አብሮ ቆሟል። ስንዴው ከሞላ ጎደል ዱረምና የእርሱ ዘመዶች ሲሆኑ፣ በዛላው ላይ ሹል ጢም የሌለው ዱረም ስንዴም በዚህ አግኝቷል፤ የሩሲያ አዳቃዮች ይህን ዓይነት ለመፍጠር ብዙ ደክመውበት ነበር። ገብሱም እንዲሁ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትንና ቡናን ከኢትዮጵያ የወጡ ሰብሎች ብሎ መዝግቧቸዋል። ወደ ሌኒንግራድ የላከውን የስንዴ ስብስብ መሠረት በማድረግ በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ራሱን የቻለ ጥናት አሳተመ።

ይህ ቅይጥነት ለውጭ ሰው የዝርክርክነት ምልክት ሊመስለው ይችላል። ዝናቡ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ በማይታወቅበት አገር ግን ቅይጥ ማሳ መድን ነው፤ ዝናቡ ቢያጥር ቶሎ የሚደርሰው፣ ቢረዝም ዘግይቶ የሚደርሰው ይተርፋል። በትግራይና በኤርትራ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ መዝራት ሐንፈጽ የሚል የራሱ ስም አለው።

ከሊሴንኮ ጋር የተደረገው ክርክር

በ1929 ቫቪሎቭ የሌኒን የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት ስታሊን ገበሬውን በግዴታ ወደ ጋራ እርሻ ማስገባት ጀመረ። ቫቪሎቭ የዘሩን ሀብት የሚያገኘው ከትንንሽ ገበሬዎች ሆኖ ሳለ የጋራ እርሻውን በአደባባይ ደግፏል፤ ተቋሙም ከመንግሥት ብዙ ድጋፍ አግኝቶበታል። በ1932 እና 1933 የተከሰተው ረሃብ ዩክሬንን፣ ቮልጋንና ካዛክስታንን አወደመ።

መንግሥት ለረሃቡ ፈጣን መልስ ፈለገ። በ1931 የወጣ ድንጋጌ አዲስ ዘር ማውጣት ከ10 እስከ 12 ዓመት መፍጀቱ ቀርቶ በ4 እና በ5 ዓመት እንዲያልቅ አዘዘ። ቫቪሎቭ በዚህ ጊዜ ውስጥ እንደማይቻል ያውቅ ነበር። ይቻላል ያለው ትሮፊም ሊሴንኮ ነው። ሊሴንኮ ዘሩን ከመዝራት በፊት አርሶና አቀዝቅዞ በማቆየት ሰብሉ ቶሎ እንዲደርስና ከሱኾቬይ እንዲያመልጥ አደርጋለሁ ይል ነበር። ዘዴው በብዙ የጋራ እርሻዎች በግዴታ ተሠራበት፤ ያበጠው ዘር ግን በቀላሉ ይሻግታል፣ በሚዘራበት ጊዜም ይሰባበራል። ቫቪሎቭ ራሱ በመጀመሪያ የሊሴንኮን ሥራ አመስግኖ ነበር፤ ይህ የኋላ ኋላ ከጎዱት ስሕተቶቹ አንዱ ነው። ሊሴንኮ የዘረ-መልን ሳይንስ በሙሉ መካድ ሲጀምር ቫቪሎቭ ተቃወመው፤ ስታሊን ግን ለሊሴንኮ አደላ። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1939 በኤዲንብራ በተደረገው የዓለም የዘረ-መል ጉባኤ ቫቪሎቭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም ከአገር እንዳይወጣ ተከለከለ።

እስርና ሞት

ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳለ ተያዘ። ለ11 ወራት ከተመረመረ በኋላ በሰላይነትና እርሻን በማበላሸት ወንጀል ጁላይ 9 ቀን 1941 ሞት ተፈረደበት። ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲቃረቡ ወደ ሳራቶቭ እስር ቤት ተዛወረ። በእስር ላይ ሳለ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ጠፍቷል። በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ሲለወጥለት፣ በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል አድርጎ መርጦታል።

ባለቤቱ የለና ባሩሊና፣ ራሷ የምስር ተመራማሪ፣ ከልጃቸው ጋር በጦርነቱ ወቅት ሳራቶቭ ትኖር ነበር። ባሏ በዚያው ከተማ መታሰሩን አላወቀችም፤ ምግብ የምትልከው ወደ ሞስኮ ነበር። ቫቪሎቭ በረሃብ ተጎድቶ ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 ሞተ። በከተማዋ መካነ መቃብር በጋራ ጉድጓድ ተቀበረ።

በሌኒንግራድ ከበባ ጊዜ የተቋሙ ሠራተኞች በቶን የሚቆጠር ዘር እየጠበቁ ከዚያ ሳይበሉ ቀሩ። የሩዝ ስብስብ ጠባቂው ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የኦቾሎኒ ስብስብ ጠባቂው አሌክሳንደር ሹኪን በረሃብ ከሞቱት መካከል ናቸው።

ከሞቱ በኋላ

የቫቪሎቭ ፍርድ በ1955 ተሰረዘ። የጉዞ ማስታወሻዎቹ ተርፈው በ1960ዎቹ ታተሙ፤ የሌኒንግራዱ ተቋምም በስሙ ተሰየመ። ስለ ማዕከላት ያቀረበው አሳብ ግን እንዳለ አልጸናም። የስንዴና የገብስ የዱር ዘመዶች በኢትዮጵያ ስለማይገኙ፣ አሜሪካዊው ጃክ ሃርላንና ሌሎች ተመራማሪዎች የዓይነት ብዛት ሁልጊዜ መገኛን እንደማያመለክት አሳይተዋል። ሌላም የሚነሣበት ነገር አለ፦ በዘመኑ እንደነበሩት ሰብሳቢዎች ሁሉ ዘሩን ሲወስድ ለሰጠው ገበሬ የሚመለስ ነገር ስለመኖሩ የተደረገ ስምምነት አልነበረም።

በኢትዮጵያ የዕፅዋት የዘር ማዕከል አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬዎች ለዘር ያስቀመጡትን እህል እስከ መብላት በደረሱ ጊዜ፣ የማዕከሉ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው የአገሬውን ዘር ከመጥፋት ለማትረፍ ሰበሰቡ። በኋላም የሸዋን ዱረም ስንዴና የወሎን ማሽላ ከገበሬዎቹ ጋር እየመረጡና እያባዙ ወደ ማሳቸው መልሰዋል።