ልጅ አልባ ተብሎ ይጻፍ የተባለው ንጉሥ

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን ስልኩ ላይ የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ እገሌ እገሌን ወለደ የሚለውን ዝርዝር በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል። እውነት ለመናገር ያሰለቻል። ግን እዚያ መሃል ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው አንድ ስም አለ፤ ኢኮንያን። በመጽሐፈ ነገሥት ዮአኪን ተብሎ የምናገኘው እሱኑ ነው።

ዮአኪን በይሁዳ ላይ ሲነግሥ ገና 18 ዓመቱ ነበር። አባቱ ኢዮአቄም በባቢሎን ላይ ካመፀ በኋላ ሞተ፤ የአመፁ ዕዳ ግን ለልጁ ተረፈ። የናቡከደነፆር ጦር ኢየሩሳሌምን ከበበ። ወጣቱ ንጉሥ በዙፋኑ ላይ የቆየው 3 ወር ብቻ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ከእናቱና ከሹማምንቱ ጋር ወጥቶ እጁን ሰጠ። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ ይህን ያደረገው ቤተ መቅደሱ እንዳይቃጠል ብሎ ነው ይላል። መጽሐፈ ነገሥት ግን አያሞግሰውም፤ እንደ አባቱ ክፉ አደረገ ብሎ ነው የመዘገበው።

ከሁሉ የከበደው የነቢዩ ኤርምያስ ቃል ነው። ይህ ሰው የእግዚአብሔር የቀኝ እጅ ማኅተም ቢሆን እንኳ ተነቅሎ ይጣላል፣ መካን ተብሎ ይጻፍ፣ ከዘሩም በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ አይኖርም አለ። እስቲ አስቡት፤ በ18 ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያለ ፍርድ!

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ጀርመኖች ዛሬ ኢራቅ ባለችው ባቢሎን ሲቆፍሩ የቤተ መንግሥት የቀለብ መዝገብ የተጻፈባቸው የሸክላ ሰሌዳዎች አገኙ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ታትመው ሲወጡ የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪንና 5 ልጆቹ ዘይት እንደተሰፈረላቸው ታወቀ። ከሰሌዳዎቹ አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ592 ዓመት ነው። ዙፋኑን ያጣው ሰው በምርኮ አገር አባት ሆኗል ማለት ነው። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ደግሞ 7 ልጆቹን በስም ይዘረዝራል።

ዓመታት አለፉ። በተማረከ በ37ኛው ዓመት የናቡከደነፆር ተተኪ ዮርማሮዴክ ከወህኒ አወጣው፤ የእስር ልብሱን አስለውጦ በማዕዱ አስቀመጠው። ወጣት ሆኖ የገባው ሰው ሲወጣ 55 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ኢየሩሳሌምን መልሶ እንዳያት የሚናገር ጽሑፍ የለም።

የልጅ ልጁ ዘሩባቤል ግን አያት። ከምርኮ የተመለሱትን መርቶ ቤተ መቅደሱን እንደገና ማሠራት ጀመረ። ነቢዩ ሐጌም እግዚአብሔር ዘሩባቤልን እንደ ቀለበት ማኅተም እንደሚያደርገው ተናገረ። በአያቱ ጊዜ የተጣለው ማኅተም ማለት ነው! ሆኖም ዘሩባቤል ገዢ እንጂ ንጉሥ አልነበረም። የኤርምያስ ፍርድ አልተሻረም፤ ምሕረትም አልቀረም።

ማቴዎስ የዘር ሐረጉን በ14 በ14 ትውልድ ሦስት ቦታ ሲከፍል ምርኮውን ከማጠፊያዎቹ አንዱ አደረገው። ኢኮንያንን እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ጠራው፤ አንዴ ከምርኮው በፊት፣ አንዴ ከምርኮው በኋላ። የሚያሳፍረውን ስም ዘሎ ቢያልፈው ማን ይከለክለው ነበር? አላለፈውም።

የዚህ ዝርዝር መንፈሳዊ ትርጉም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ዝርዝሩ የጎበዞች ሽልማት አይደለም። የወደቀውም፣ የተማረከውም፣ ተስፋ የተቆረጠበትም ሰው በስሙ ተጠርቶ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ተያይዟል። ዮአኪን ባቢሎን ውስጥ የዘይት ቀለቡን ሲቀበል ከልጆቹ መካከል ማን ወደዚያ ሐረግ እንደሚገባ አያውቅም ነበር። የሱ ድርሻ ልጆቹን ማሳደግ ብቻ ነበር።