ፕሮፌሰር ኦቶ ሎዊ፦ ነርቭ በምን እንደሚነጋገር ያሳዩት ሰው

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ እንደ ብዙዎቻችን ወላጆች በስተርጅና አገር የለወጡ አንድ አይሁዳዊ ሊቅ ናቸው። ዓመታቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ኦቶ ሎዊ በ1873 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ተወለዱ። ልባቸው ወደ ሥነ ጥበብ ታሪክ ያደላ ነበር፤ ቤተ ሰባቸው ግን ሕክምና እንዲማሩ ገፋፏቸው። ተመርቀው ሆስፒታል ሲሠሩ የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች ሕመምተኞች መድኃኒት ጠፍቶላቸው ዓይናቸው እያየ አለቁ። ስለዚህ ሕመምተኛ ማከሙን ትተው ወደ መድኃኒት ምርምር ገቡ። በ1909 በኦስትሪያ በግራትስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ መድኃኒት ፕሮፌሰር ሆኑ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ነርቭ መልእክቱን የሚያደርሰው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው ይሉ ነበር። እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለሁ ነርቭን እንደ ስልክ ሽቦ አድርገን በጠመኔ ስንሥል ትዝ ይለኛል። ሎዊ ግን በመካከሉ ኬሚካል ሳይኖር አይቀርም ብለው ገምተው ነበር፤ ማረጋገጫው ግን ለዓመታት ጠፋባቸው። አንድ ሌሊት ሙከራውን በሕልማቸው አዩ። ነቅተው በብጣሽ ወረቀት ጫር ጫር አደረጉት፤ ሲነጋ የገዛ ጽሕፈታቸውን ማንበብ አቃታቸው! በማግሥቱ ሌሊት አሳቡ ተመለሰ። አሁን ወረቀት አላመኑም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪያቸው ሄዱ።

የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አወጡ። የአንደኛውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ምቱ ዘገየ። በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን የጨው ውሃ ወስደው ወደ ሁለተኛው ሲጨምሩት፣ ማንም ነርቩን ያልነካው ያ ልብም ዘገየ። መልእክቱ በውሃው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሙከራው በ1921 ታተመ፤ ንጥረ ነገሩም በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ። በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እዚህ ፔታህ ቲክቫ በይሊንሶን ሆስፒታል የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው።

የእንቁራሪት ልብ ለእኛ ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። አሴቲልኮሊን በአንጎላችንም አለ። በሴሎቹ ላይ እሱን የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ፤ ነገሩ እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር ነው። ከግንባራችን በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል፣ አመዛዝነን አንዱን ስንመርጥ የሚሠራው፣ ይህን ይፈልጋል። አገር ቤት አስተናግር የሚባለውን ተክል ታውቁት ይሆናል። የበላው ሰው ይቀባጥራል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የሚያደርገውን አያውቅም። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን እነዚያን ተቀባዮች ስለሚደፍኑ ነው። ተመራማሪዎች በጦጣዎች የፊተኛ አንጎል ሴሎች ላይ ጥቂት ስኮፖላሚን ሲያደርጉ፣ እንስሳው ምርጫውን እስኪያደርግ ድረስ ነገሩን ይዘው የሚቆዩት ሴሎች ምልክታቸው ደከመ። አንዳንድ የእንቅልፍ፣ የአለርጂና የፊኛ መድኃኒቶችም እነዚሁን ተቀባዮች ይደፍናሉ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ነገር ከተምታታባቸው፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። ራሳችሁም አታስቋርጧቸው። የሚወስዱትን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ኩፓት ሆሊም ላለው ሐኪማቸው አሳዩ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በመጋቢት 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ሎዊ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ታሰሩ። እገደላለሁ ብለው ስለ ፈሩ፣ ከዘበኛው ብዕርና ፖስት ካርድ ለምነው የመጨረሻውን ምርምራቸውን ውጤት ወደ አንድ መጽሔት ላኩ። ሲፈቱም ከአገር ለመውጣት በስቶክሆልም ባንክ የነበረውን የኖቤል ገንዘባቸውን ናዚዎች ወደሚያዙበት ባንክ እንዲያዛውሩ ተገደዱ። ባለቤታቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ የተገናኙት ከዓመታት በኋላ ነው።

በቤልጂግና በእንግሊዝ ቆይተው በ1940 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ዕድሜያቸው 67 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መርከብ ላይ ሳሉ የሐኪም ወረቀታቸውን ቢያነቡት፣ ጃጅተዋል፣ ሠርተው መብላት አይችሉም ይላል። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ በቢሮ ደጃፍ የቆመ ሰው ድንጋጤያቸውን ያውቀዋል። የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ ግን ወረቀቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥር አሳለፋቸው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ የምርምር ፕሮፌሰር ሆነው ሠሩ፤ በ1946 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ። በታኅሣሥ 1961 በ88 ዓመታቸው በዚያው ከተማ ዐረፉ።