መጽሐፍ ጠራዡ ሚካኤል ፋራዴይ

የፋራዴይን ስም በፊዚክስ ክፍል ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ልጽፍ ያሰብሁት ወደ ኤሌክትሪክ ምርምር ከመግባቱ በፊት ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ተማረው ሙያ ነው።

ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1791 ዓ. ም. በሎንዶን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፥ ያውም ጤና የጐደለው ሰው ስለ ነበረ፥ ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። ልጁም ማንበብና መጻፍ ጥቂትም ሒሳብ እንደ ተማረ፥ በ13 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ ለሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆነ፤ በ1805 ዓ. ም. ደግሞ ጥረዛ ሊማር ለሰባት ዓመት ተዋዋለ።

በዚያን ጊዜ ጥረዛ ሁሉ የእጅ ሥራ ነበር። የታተመው ወረቀት ይታጠፋል፤ እጥፉም ጠፍጥፎ እስኪተኛ ድረስ በከባድ መዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ እጥፍ በመርፌና በክር ከጀርባው ገመዶች ጋር ይሰፋል፤ ሙጫ ይቀባል፤ በመጨረሻም ቆዳ ይለብሳል። እንዲህ የተደከመበት መጽሐፍ ዋጋው ውድ ነው። ፋራዴይ ግን ሊገዛው የማይችለውን መጽሐፍ ሊጠርዘው ሲሰጡት ያነበው ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ያነበበውም ለጥረዛ በመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ነው።

በ1812 ዓ. ም. አንድ የሱቁ ደንበኛ የሰር ሀምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚሰማበት ቲኬት ሰጠው። አራቱን ትምህርት ሰምቶ፥ ጽፎና ሥዕሉን ሥሎ፥ 300 ገጽ ያህሉን በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ በደግነት ተቀበለው፤ ነገር ግን ጥረዛውን እንዳይተው መከረው። ምክሩ የክፋት አይመስለኝም፤ የእኛም ወላጆች የያዝነውን ሙያ እንዳንለቅ ይመክሩን የለምን? ሆኖም በመጋቢት 1813 ዓ. ም. በሮያል ኢንስቲትዩሽን አንድ ረዳት ስለ ተባረረ፥ ፋራዴይ በቦታው ገባ። በ1821 ዓ. ም. ኤሌክትሪክ የተላለፈበትን ሽቦ በማግኔት ዙሪያ አዞረ፤ በ1831 ዓ. ም. ደግሞ ከማግኔት ኤሌክትሪክ አወጣ። ይህን መምህራችን ከእኔ ይልቅ አሳምረው ያስረዳሉ።

የተወው ሙያም እንደ ነበረ አልቀረም። በ1827 ዓ. ም. ዊልያም በርን የተባለ የሎንዶን ጠራዥ ወረቀቱን በሁለት የብረት ጥቅሎች መካከል እያሳለፈ የሚደፈጥጥ መሣሪያ አስገባ። መዶሻው ሥራ ፈታ። በ1830 ዓ. ም. የሎንዶን ጠራዥ ሠራተኞች መሣሪያው እንዲቀር ለአሠሪዎቻቸው አቤቱታ አቀረቡ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ብዙዎች እነዚህን ሰዎች የሥልጣኔ ጠላቶች ይሏቸዋል፤ እኔ አልስማማም፤ የልጆቻቸው እንጀራ በዚያ መዶሻ ላይ ነበረና። ፋራዴይ ያን ጊዜ 39 ዓመቱ ነው፤ የዴቪን ምክር ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ስሙን ከአቤቱታው ላይ እናገኘው ነበር።

ፋራዴይ በ1867 ዓ. ም. ሞተ። በዓመቱ በአየርላንድ የተወለደው ዴቪድ ስሚዝ የመጽሐፍ መስፊያ መኪና ባለመብትነት በአሜሪካ ተቀበለ፤ የመርፌውም ሥራ ወደ መኪና መሻገር ጀመረ። ዘመን ሲቈይ እነዚህን መኪናዎች ያሽከረክር የጀመረው ሞተር፥ የ1821ዱ የሽቦ ሙከራ የልጅ ልጅ ነው። ፋራዴይ በእጁ ሰፍቶ ለዴቪ የላከው መጽሐፍ ዛሬም በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጧል።