ጆዋኦ ደ ካስትሮና የምፅዋ ባሕር መንገድ

ፉሪ ያደገ ሰው ስለ ባሕር ሲጽፍ ሳያስቅ አይቀርም። በእኛ ሰፈር ባሕርን የሚያስታውስ ነገር ቢኖር ከፉሪ-ለቡ ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ነው። ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ስናጠና ደግሞ ፖርቱጋሎች ምፅዋ ገቡ ብለን በአንድ መስመር እናልፋለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በምን መንገድ ገቡ ብዬ ሳነብ ነው ካስትሮን ያገኘሁት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካስትሮ በ1500 ሊዝበን ውስጥ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። ሂሳብ የተማረው ከታዋቂው ሊቅ ከፔድሮ ኑኔዝ ነው። ሙያው ውትድርና ቢሆንም የሚወደው መለካት ነበር። በ1538 ወደ ሕንድ ሲጓዝ የፀሐይን ከፍታና የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን የሚዛነፈውን ያህል እየለካ ይመዘግብ ነበር።

በ1541 በእስቴቫኦ ደ ጋማ የሚመራው የመርከብ ጦር ስዊዝ ያሉትን የኦቶማን መርከቦች ሊያቃጥል ቀይ ባሕር ገባ፤ ካስትሮም አብሮ ነበር። በየካቲት ምፅዋ ደረሱ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከዳህላክ ደሴቶች ጀምሮ እስከ ሱዋኪንና ከዚያም ወዲያ ውሃው ሥር ኮራልና አሸዋ ተቆልሏል። መርከብ እዚያ ላይ ከተቀመጠ ማዕበል ይሰባብረዋል፤ ዳርቻው ደግሞ የሚጠጣ ውሃ እንደ ልብ የሚገኝበት አይደለም። ስለዚህ ትልልቆቹን መርከቦች ምፅዋ ትተው በመቅዘፊያ በሚሄዱ ቀላል ጀልባዎች ወደ ሰሜን ነጎዱ።

አሠራሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ወደ ውሃው ይጣላል፤ ጥልቀቱ ይለካል፤ ትንሽ ተቀዝፎ እንደገና ይጣላል። ሲመሽ መልሕቅ ይጥላሉ፣ ምክንያቱም በጨለማ የውሃው ቀለም አይታይም። ለካስትሮ ትልቁ ምልክት ቀለም ነበር። ባሕሩ ለምን ቀይ ተባለ የሚለው ነገር ያስጨንቀው ስለነበር ውሃውን ቀድቶ አየው፤ እንደማንኛውም ባሕር ንጹሕ ነው። ጠላቂዎች አስገብቶ ከሥር ያለውን አስወጣ። ቀላ ያለበት ቦታ ኮራል፣ የነጣበት ቦታ ነጭ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቀለሙ የወለሉ ነው ማለት ነው፤ ለሚቀዝፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ካስትሮን ሳነብ የሚቆረቁረኝም አለ። የሱዋኪንን ወደብ እያደነቀ ገልጾታል፤ ያችኑ ከተማ ግን እሱ የነበረበት ጦር ዘርፎ አቃጠላት።

ስዊዝ ሲደርሱ ቱርኮች ተዘጋጅተው ስለጠበቋቸው ምንም ሳያደርጉ ተመለሱ። ዘመቻው ከሸፈ። ነገር ግን በግንቦት ምፅዋ ባይመለሱ ኖሮ፣ በሐምሌ ከክሪስቶቫኦ ደ ጋማ ጋር ወደ ደጋው የወጡት 400 ያህል ወታደሮች አይኖሩም ነበር። ክሪስቶቫኦ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አህመድን ገጠሙ። ኢማሙም እዚያው ወደቁ። ያ አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይዟል።

ካስትሮ ከዘመቻው በኋላ ወደ ሕንድ ተመለሰ። በ1546 የዲዩን ከበባ ሰበረ፤ በ1548 የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ ጎዋ ላይ ሞተ። የምፅዋንና የሱዋኪንን ወደቦች በሥዕል ያሳየበት የቀይ ባሕር መጽሐፉ በቋንቋው የታተመው በ1833 ፓሪስ ላይ ነው።