ሐጅ በሽር አጋና የራሰ በራነት ነገር

ከክፍላችን ልጆች አንዳንዶቹ ዘንድሮ መስተዋት ፊት መቆም አብዝተዋል። ገና በኻያ ዓመታቸው ግንባራቸው ወደ ኋላ መሸሽ ጀምሯል፤ አንዱ በሰመራ ሙቀት፣ ሌላው በውሃው ጨው ያሳብባል። እኛም ነገሩን ስንመረምር ከአንድ የሐበሻ ሰው ታሪክ ላይ ደረስን።

ሐጅ በሽር አጋ የተወለደው በ1655 ገደማ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ገና ልጅ ሳለ በባርነት ተወስዶ ተሰለበ። የባሪያ ነጋዴዎች ከደጋው ያወረዷቸውን ልጆች በአፋር በረሃ አሳልፈው ወደ ታጁራ ወደብ የሚነዱበት ንግድ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዘልቋል። እኛ ዛሬ ከአዋሽ ተነሥተን በገዋኔና በሚሌ ወደ ሰመራ ስንሄድ በአውቶቡሱ መቀመጫ እናማርራለን፤ ያንን በረሃ ሕፃናት በእግራቸው አቋርጠውታል።

በሽር በግብፅ በኩል ኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ገባ። በ1707 የሐረሙ ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ ቀጥሎ ተግዞ በቆጵሮስና በግብፅ ቆየ፤ ከዚያም በመዲና የነቢዩን መካነ መቃብር ለሚጠብቁት ጃንደረቦች አለቃ ተደረገ። በ1717 ተጠርቶ የሐረሙ ጃንደረቦች ሁሉ አለቃ ሆነ፤ በ1746 እስኪሞትም ሥልጣኑን አልለቀቀም። ቪዚሮች ሲሾሙና ሲሻሩ ምክሩ ይሰማ ነበር። መጻሕፍት ወዳድ ስለ ነበረ በኢስታንቡል መስጊድና ቤተ መጻሕፍት፣ በካይሮም የመጠጥ ውሃ ማደያና የሕፃናት ትምህርት ቤት አሠራ። መቃብሩ በኢስታንቡል በኤዩፕ ነው። ዘጠና ዓመት ያኽል ሲኖር ልጅ አልወለደም፤ ጢምም አላበቀለም። የራሱ ጠጕር ግን እንደ ሌሎች ወንዶች ለመመለጥ የሚያበቃ ምክንያት አልነበረውም።

ይህን የጥንት ግሪኮች አስተውለው ነበር። በ1942 አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን በምርመራ አረጋገጠው፤ ሳይጐረምሱ የተሰለቡ ወንዶች አይመለጡም፤ የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስተሮን ሲሰጣቸው ግን፣ በተለይ በዘመዶቻቸው ራሰ በራ ያለባቸው፣ መመለጥ ጀመሩ። እንግዲያው ሆርሞኑ ብቻውን አይበቃም፤ ዘርም ያስፈልጋል። በራስ ቆዳ ውስጥ ቴስቶስተሮን ወደ በረታ ሆርሞን ይለወጣል፤ ያም በዘር የተጠቃውን የጠጕር ሥር እያሳነሰ ያቀጥነዋል። ሆርሞኑን የሚቀበለው ጂን ወንድ ልጅ ከእናቱ በሚወርሰው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስላለ የእናትን አባት ራስ ማየት አይከፋም፤ ከአባት ወገን የሚመጡ ጂኖችም ግን አሉበት። ሙቀቱና ጨዉ ከክሱ ነጻ ናቸው።

ዛሬ በሽርን ያገኘው ቢላዋ አያስፈልግም። ፊናስተራይድ የተባለው እንክብል ያንን ለውጥ ይገታል፤ በ1997 በአሜሪካ ለጠጕር ተፈቅዷል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን የወሲብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ ያለ ሐኪም አይዋጥም። ሚኖክሲዲል ቀድሞ የደም ግፊት መድኃኒት ነበረ፤ አሁን ራስ ላይ ይቀባል። ሁለቱም ሲቋረጡ የተገኘው ጠጕር ይሄዳል።

አንዱ ጓደኛችን ይህን ሰምቶ የእናቱን አባት ፎቶግራፍ ከቤት አስልኳል። አያትዬው ጥምጥም አድርገዋል።