ከካሜራው በስተጀርባ የቆመው ስደተኛ፦ ጄምስ ዎንግ ሃው

ከሲኒማ ቤት ስንወጣ የምናስታውሰው የተዋናዮቹን ስም ነው፤ ከካሜራው በስተጀርባ ስለቆመው ሠራተኛ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህ እትም የጄምስ ዎንግ ሃውን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዎንግ ሃው በ1899 በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ታይሻን በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ስለነበር፣ ልጁም በአምስት ዓመቱ ወደዚያው ሄዶ በዋሺንግተን ግዛት በፓስኮ ከተማ አደገ። አባቱ ከሞተ በኋላ በቦክስ ተጋጣሚነት፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ በተላላኪነትና በሆቴል ሠራተኛነት ኑሮውን ገፋ። በአንድ የፊልም ስቱዲዮ ሲቀጠርም የመጀመሪያ ሥራው የካሜራውን ክፍል መጥረግና ቁርጥራጭ ፊልም መልቀም ነበር።

የዕድሉን በር የከፈተችለት ሜሪ ማይልስ ሚንተር የተባለች ተዋናይት ናት። ዓይኖቿ ሰማያዊ ነበሩ፤ የዘመኑ ፊልም ደግሞ ሰማያዊውን ቀለም አንጥቶ ያሳይ ስለነበር ዓይኗ በምስሉ ላይ ይጠፋ ነበር። ዎንግ ሃው ባነሳት ፎቶግራፍ ግን ዓይኖቿ ጠቁረው ወጡ። ምክንያቱን ሲመረምር ፊት ለፊቷ የነበረው ጥቁር ጨርቅ በዓይኗ ላይ መንጸባረቁን ደረሰበት። ከዚያ ወዲያ ካሜራውን በጥቁር ከፈይ እየከበበ ቀረጻት፤ በ1923ም ዋና የካሜራ ባለሙያ የሆነባቸው ፊልሞች ለሕዝብ ታዩ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ኮርኒያ እንደ መስተዋት እንደሚያንጸባርቅ ከመጽሐፍ ተምረናል፤ እርሱ ግን ከሥራው ላይ ተማረው።

ይሁን እንጂ አሜሪካ የእጁን ሥራ ስትቀበል እርሱን ራሱን አልተቀበለችም። ቻይናውያን ዜግነት እንዳያገኙ የሚከለክለው የ1882 ሕግ እስከ 1943 ጸንቶ ቆየ። ሳኖራ ባብ ከተባለች ነጭ አሜሪካዊት ደራሲ ጋር በ1937 በፓሪስ ቢጋባም ካሊፎርኒያ ጋብቻውን አላወቀለትም፤ ይህንንም ክልከላ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1948 ነው።

በ1947 «ቦዲ ኤንድ ሶል» ለተባለው ፊልም የቦክስ ግጥሚያውን ሲቀርጽ፣ ካሜራውን በእጁ ይዞ ጎማ ባለው ጫማ በመድረኩ ላይ ይንሸራተት ነበር። «ዘ ሮዝ ታቱ» (1955) እና «ኸድ» (1963) በተባሉት ፊልሞች ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። በ1976 አረፈ።

በሰው አገር ለምንማር ለእኛ ታሪኩ ሁለት ነገር ያስተምረናል። መጥረጊያ የያዘ እጅ ከትልቅ ደረጃ ከመድረስ አያግድም። ትጋትና ችሎታ ግን ብቻቸውን መብት አያስገኙም፤ ዎንግ ሃው ሽልማቱን በችሎታው ሲያገኝ፣ ዜግነቱንና የጋብቻውን ክብር ያገኘው ሕጉ ሲለወጥ ነው።